ሁለተኛው ድምፅ

አልትሮዳ፣ ጃንዋሪ 14

ውድ ዘፈሪኖ፣

ጉልበትህ እንዴት ሆነ? ባለፈው ደብዳቤህ «ትንሽ ያመኛል» ብለህ ባንድ መስመር አልፈኸዋል። አንተ ትንሽ ካልክ ብዙ ማለት እንደሆነ ይህን ሁሉ ዘመን ተለያይተንም አልረሳሁትም። ለሉርደስ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ባሏ ከድሮ ፍቅረኛው ጋር ሲጻጻፍ ቴምብር የምትገዛለት ሚስት በእኛ አገር አላየሁም።

መልሴ የዘገየው ጥያቄህ አስቸግሮኝ ነው። ስለ ፓርቲዎቹ ቀለሞች መጻፍ ጀምሬ ሁለቴ ቀደድኩት። አሁን ዝም ብዬ እንደመጣልኝ ልንገርህ። ጥቁሮቹ ክርስትናን በስማቸው ውስጥ የያዙት ናቸው፤ የገበሬውና የባለሱቁ፣ እሁድ እሁድ ሸሚዙን ተኩሶ የሚለብሰው ሰው ፓርቲ። ቀዮቹ የጥንት የሠራተኛ ፓርቲ ናቸው። ከነሱ ጠቆር ያለውን ቀይ አንተም ታውቀዋለህ፤ ያኔ አገሩን ብቻውን ይገዛ የነበረው ነው፤ ስሙን ቀይሮ፣ ልብሱን ቀይሮ አሁንም አለ። አረንጓዴዎቹ ለወንዙና ለንቡ ይጮኻሉ። ቢጫዎቹ «ነጋዴውን ተዉት ይሥራበት» ባዮች ናቸው። ሰማያዊዎቹ ድንበሩ ይዘጋ፣ የመጣውም ይመለስ ይላሉ። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው ይመርጣቸዋል፤ ጎረቤቴ ሆልገርም ጭምር። ክፉ ሰው ነው እንዳልልህ፣ በረዶ ሲከመር መኪናዬን ቆፍሮ የሚያወጣልኝ እሱ ነው። ይህን እንዴት አድርጌ እንደማስረዳህ አላውቅም። እኔም ራሴ አልገባኝም።

ልጃችን ዶሪት ከአንዳቸውም አይደለችም። ያቀረቧት የከተማው ነዋሪዎች ራሳቸው ተሰብስበው ነው። ለፖስተሩ ቀለም ሲመርጡ አንድ ምሽት ሙሉ ተጨቃጨቁ፤ ያልተያዘ ቀለም ጠፋ። በመጨረሻ ነጭ ይሁን ተባለ።

የምትወዳደረው ደግሞ ለከንቲባነት ነው። አዎ፣ ደግመህ አንብበው። ሥራዋ አሁንም እዚያው መዋኛ ገንዳው ነው፤ ኃላፊዋ እሷ ናት። ምክር ቤቱ ገንዳው ይዘጋ ሲል ብድግ ብላ የተናገረች ጊዜ ነው ሰዎቹ «እንግዲያው አንቺው ቅረቢ» ያሏት።

በስልክ እንጻጻፍ ላልከው፣ አይሆንም። ስልኬ በተበላሸ ቁጥር የምታስተካክልልኝ ዶሪት ናት። የድሮው የፋብሪካ ባልደረቦች ማኅበር አድራሻህን እንደሰጠኝ አታውቅም። ባሌን ፎልከርን ከቀበርን በኋላ አንዴ ስላንተ ላነሳባት ስል፣ «እማዬ፣ እኔ አንድ አባት ነው የነበረኝ፤ እሱም እዚያ መቃብር ውስጥ ተኝቷል» አለችኝ። የፋብሪካው የሥራ ውልህ አልቆ ወደ አገርህ በአውሮፕላን ሲመልሱህ ገና መናገር መጀመሯ ነበር። ያሳደጋት እሱ ነው። ምን ልበላት?

ስለዚህ ስለ ፓርቲዎቹ ጠይቀኝ። የጠየቅከኝን ሁሉ እመልስልሃለሁ።

ሃይድሩን


ማሺሼ፣ ፌብሩዋሪ 25

ውድ ሃይድሩን፣

ጉልበቴ ደህና ነው። ሉርደስ «ውሸቱን ነው ብለህ ጻፍላት» ትላለች፤ ይኸው ጻፍኩ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ጀልባ መውረጃው ላይ ሞተር ፈትቼ ቁጭ ባልኩበት ነው። ትኬት ቆራጩ ጉዋምቤ ቴምብሩን አይቶ «ምን ይላል? አንብብልና!» አለኝ። ስለ ልጃችን ያለውን ዘልዬ ስለ ቀለሞቹ ያለውን አነበብኩላቸው። ምነው ባላነበብኩ! አሁን መውረጃው በሙሉ በጀርመን ፓርቲ ተከፋፍሎልሻል። ዓሣ ሻጮቹ ቀይ ሆነዋል። ጉዋምቤ «እኔ ቢጫ ነኝ፣ ማንም እንዳይነካኝ» ይላል። አረንጓዴ የሆነው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ንብ ስለሚያረባ ነው። ጥያቄዎቻቸውን በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዤልሻለሁ። የጉዋምቤ ረዥም ስለሆነ ይቅርታ፤ አሳጥር ስለው ተቆጣኝ።

እኔ እኮ እዚያ አገር አንዴ መርጫለሁ። ትዝ ይልሻል? በ1989 የጸደይ ወር ነው። እኛ የውጭ ሰዎችም መምረጥ ትችላላችሁ ተባልን። ዶሪትን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ነው የሄድነው፤ ጆሮዎቼን እንደ መሪ ይዛ ትነዳኝ ነበር። ወረቀቱን ሰጡኝ፤ ያለው አንድ ዝርዝር ብቻ። «ምን ላድርግበት?» ስልሽ «እጠፈውና ክተተው» አልሽኝ። «እዚያ መጋረጃው ውስጥ ገብቼ ልጠፈው?» ብዬ ስጠይቅሽ እጄን ቆንጥጠሽ ጎተትሽኝ። እስከ ቤት ድረስ አላናገርሽኝም። መጋረጃው ውስጥ የገባ ሰው ስሙ እንደሚያዝ ማን ነገረኝ?

አሁን የራሴን አንድ ጥያቄ ልጨምር። ፖስተሩ ላይ ፊቷ አለበት? ከተሰቀለ በኋላ ሰው ምን እንዳደረገው ጻፊልኝ። እኔ እዚያ ባቡር ላይ ስለ ቆዳዬ የሰማሁትን ስድብ አልረሳሁም።

ደግሞ መልኳን አትንገሪኝ። ሰው ስታነጋግር እንዴት እንደሆነች ንገሪኝ።

ዘፈሪኖ


አልትሮዳ፣ ኤፕሪል 16

ውድ ዘፈሪኖ፣

ለጉዋምቤ ንገረው፤ ምርጫ ጣቢያው ላይ ወታደር የለም። በሩ ላይ የምትቀመጠው የድሮዋ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ወይዘሮ ፕፋይፈር ናት፤ ሹራቧን እየሠራች። ስምህን ከዝርዝሩ ላይ ትሰርዝና «ግባ፣ በር ላይ አትቁም» ትልሃለች። ምርጫ ሁልጊዜ እሁድ ነው። ሰው ከምርጫው ወጥቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ግቢ ውስጥ የተጠበሰ ቋሊማ ይበላል። ይኸው ነው። አሁን ደግሞ መጋረጃው ውስጥ ሳይገባ የሚያጥፍ ሰው ካለ ወይዘሮ ፕፋይፈር ትጮህበታለች።

አንዱ አሸንፎ ብቻውን የማይገዛው እንዲህ ነው። የእኔን ሕንፃ አስበው። አምስት ቤተሰብ ባንድ ደረጃ ላይ እንኖራለን። ደረጃውን በየተራ እንጠርጋለን፤ ሁሉም ይነጫነጫል፤ ግን አንዱ ብቻውን «ደረጃው የኔ ነው» ማለት አይችልም። ጥቁሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ሠላሳ ያህል ያገኛሉ፤ ከቀዮቹ ወይም ከሌሎቹ ጋር ተቀምጠው ለሳምንታት ይደራደራሉ፤ ማን የቱን ደረጃ እንደሚጠርግ በወረቀት ጽፈው ይፈርማሉ። ከዚያ መነጫነጩ ይቀጥላል። ከመቶ አምስት ያላገኘ ፓርቲ ደግሞ ከነጭራሹ ሕንፃው ውስጥ አይገባም።

ስለ ሁለቱ ድምፆች የጠየቀውን ሰውዬ አመስግንልኝ፤ እዚህ ተወልደው ያረጁ ሰዎች እንኳ ይሳሳቱታል። ለአገር ምክር ቤት ሲመረጥ ሁለት ምልክት ታደርጋለህ። የመጀመሪያው ለአንድ ሰው ነው፤ የሠፈርህን ሰው ትመርጥበታለህ። ሁለተኛው ለፓርቲ ነው። ምክር ቤቱ ውስጥ ማን ስንት ወንበር እንደሚይዝ የሚወስነው ይሄኛው ነው። አዎ፣ ሁለተኛው ይበልጣል። ለምን ሁለተኛ እንዳሉት አትጠይቀኝ። ለከንቲባ ግን አንድ ምልክት ብቻ ነው፤ ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንደገና ይወዳደራሉ።

ሰው ስታነጋግር እንዴት ናት ላልከው፣ ገንዳው ዳር እንደምታደርገው ነው። ውሃ የሚፈራ ልጅ ሲመጣ «ግባ» አትለውም። አጠገቡ ቁጭ ብላ እግሯን ውሃ ውስጥ ታደርግና ሌላ ወሬ ታወራዋለች። በምርጫውም እንደዚያው ናት። ሰው ቤት ገብታ ስለ ምርጫ ሳታነሳ ትወጣለች። ሰዎቿ በዚህ ይናደዱባታል።

ፖስተሩ ተሰቅሏል። ፊቷ አለበት። ቆንጆ ሆኖ ነው የወጣው። ነፋሱ ብቻ ትንሽ አስቸግሯል።

ሃይድሩን


ማሺሼ፣ ሜይ 7

ውድ ሃይድሩን፣

ጉዋምቤ «የሚበልጠውን ሁለተኛ የሚሉ ሰዎች!» እያለ እስከ አሁን ይስቃል። ደረጃውን ግን ሁሉም ወደዱት።

እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ያ ነፋስ ምን ዓይነት ነፋስ ነው?

ሉርደስ ለዶሪት ብላ አንድ ጨርቅ ገዝታለች። አሁን አትላኪው፣ ግራ ይገባታል ብያት ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች።

ዘፈሪኖ


አልትሮዳ፣ ሜይ 29

ውድ ዘፈሪኖ፣

ይቅር በለኝ። ነፋስ አልነበረም።

በተሰቀለ በሳምንቱ የባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው ፖስተር ላይ ፊቷን በጥቁር ቀለም አጥፍተው «ወደ አገርሽ» ብለው ጻፉበት። ማን እንዳደረገው አይታወቅም። እኔ እያለቀስኩ ስደውልላት መጥታ ቆማ አየችው። «ቢያንስ ፊደሉን አልሳቱም» አለች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ሆልገር መሰላሉን ተሸክሞ መጣና አሮጌውን አውርዶ አዲስ ሰቀለ። «እኔ አልመርጣትም፤ ይሄ ግን ነውር ነው» አለኝ። አንተ እዚያ ሩቅ ተቀምጠህ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው የደበቅኩህ። አንተ ግን አወቅከው።

እሁድ ዕለት ሁለተኛ ወጣች። የቀደማት ዶክተር ኪሊያን ነው፤ የጥርስ ሐኪሙ፤ የጥቁሮቹ ሰው። ጨዋ ነው፣ እንከን አይወጣለትም። ከመጪው እሁድ በሚቀጥለው እሁድ ሁለቱ ብቻ ይወዳደራሉ። ይህ ሲደርስህ አልቆ ይሆናል።

ልጽፍልህ የፈለግሁት ግን ይህን አልነበረም።

ከምርጫው በፊት ሐሙስ ዕለት በእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አዳራሽ ሁሉንም ተወዳዳሪዎች አንድ ላይ አስቀምጠው ሕዝቡ ይጠይቃቸው ነበር። አንድ ሽማግሌ ለዶሪት ጥያቄ ይዞ ተነሳ። «ወይዘሮ ቴሽነር፣ ብጠይቅዎ መቼም አይቀየሙኝም። ከየት ነዎት?»

«ከወፍጮ መንገድ።»

አዳራሹ ሳቀ። «አይ፣ በእውነቱ ከየት ነዎት?»

«ከወፍጮ መንገድ፣ ከላይኛው ጫፍ።»

አሁንም ተሳቀ። ሰውዬውም ሳቀ። ቀጠለና «አባትዎን ማለቴ ነው» አለ። ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

እሷ እንዲህ አለች፦ «ያሳደገኝን ታውቁታላችሁ። የግማሻችሁን ጣሪያ የሠራው እሱ ነው። የወለደኝ ደግሞ ሳህን ፋብሪካው ውስጥ ምድጃ ላይ ይሠራ ነበር። እናቶቻችሁ እሁድ እሁድ ከቁም ሣጥን የሚያወጡት ሳህን በሱ እጅ አልፏል። ይኑር አይኑር አላውቅም። ጠይቄም አላውቅም።» ከዚያ ውሃ ጠጣችና «ስለ ገንዳው ጣሪያ የሚጠይቅ አለ?» አለች።

ዘፈሪኖ፣ እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጫለሁ። እጇን አየሁት። ብርጭቆውን የያዘችው ፎልከር ታሞ ሐኪሙ ሲያናግረን እንደያዘችው ነበር።

በማግስቱ ቁርስ ልትበላ መጣች። ዳቦዋን እየቆረጠች ሳለ «በሕይወት አለ» አልኳት። «ማን?» አለች። «ጉልበቱን ያመዋል» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? የመጣልኝ ይኼ ነው። ቢላዋን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አለች። ሁለት ዓመት እንደሆነኝ ነገርኳት። ጃኬቷን ወስዳ ወጣች። ስደውል «ስብሰባ ላይ ነኝ» ትላለች። በምርጫው ቀን አዳራሽ ውስጥ በሰው ሁሉ ፊት አቀፈችኝ፤ ካሜራ ነበር። ካሜራው ሲሄድ እሷም ሄደች።

መንገሬ ካልቀረ ደግሞ ምርጫ እስኪያልፍ መጠበቅ ነበረብኝ። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ እኔው ነኝ ለራሴ የምለው። ግን እጇን ብታየው አንተም አትጠብቅም ነበር።

ሃይድሩን


ማሺሼ፣ ጁን 19

ውድ ሃይድሩን፣

ደብዳቤሽን ይዤ ባሕሩ ዳር ሄድኩ። ለጉዋምቤ «ዛሬ ስለ ምርጫ የለበትም» አልኩት። ፊቴን አይቶ ወደ ትኬቶቹ ተመለሰ።

ጥሩ አድርገሻል። ይህን ደጋግመሽ አንብቢው፤ ጥሩ አድርገሻል።

እኔ ግን አንድ ነገር ወስኛለሁ። እስካሁን ስለ ፓርቲ እየጠየቅኩ ስለ ልጄ ስሰማ ኖርኩ። አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ሉርደስም ታውቃለች። ደስ ብሎኝ ነበር። እሷ ግን አባት አላት፤ ጣሪያ የሠራላት፣ ትምህርት ቤት ያደረሳት፣ ሲታመም እጁን የያዘችው። እኔ በአውሮፕላን የሄድኩ ሰው ነኝ። የላኩትም ደብዳቤ በአገሬ ጦርነት ምክንያት መንገድ ላይ ቀረ፤ አንቺም የላክሽው ቀረ፤ ማንም ላይ አልፈርድም። በእኔ ምክንያት ከእናቷ ከተኳረፈች ግን አልችለውም። ስለዚህ እሷ ራሷ እስክትፈልግ ድረስ አልጽፍልሽም። ብትፈልግ ታገኘኛለች፤ መውረጃው ጋ ማንንም ብትጠይቅ ያሳያታል። ባትፈልግም አልቀየምም።

ውጤቱን ግን አንድ መስመር ጻፊልኝ። አንድ መስመር ብቻ። መውረጃው ሰላም አይሰጠኝም።

ዘፈሪኖ


አልትሮዳ፣ ጁን 23

ይድረስ ለአቶ ዘፈሪኖ፣

ስሜ ዶሪት ቴሽነር ነው። እናቴ ለመጨረሻ ጊዜ የጻፈችልዎ ደርሶዎት እንደሆነ አላውቅም። ከእርስዎ መልስ ገና አልመጣም። ጀርመንኛዎ በጣም ጥሩ እንደሆነ አይቻለሁ፤ እዚህ ሰው ሁሉ ከረሳቸው ብዙ ዘመን በሆናቸው ቃላት ነው የሚጽፉት።

ተሸነፍኩ። መጀመሪያ እሱን ልንገርዎት፤ ሰዎችዎ ይጠብቃሉ ብላለች እናቴ። ልዩነቱ ብዙም አልነበረም። ዶክተር ኪሊያን ውጤቱ እንደተነገረ መጥቶ ጨበጠኝና ቋሊማ ገዛልኝ። ከመጀመሪያው ዙር ጋር አብሮ የከተማው ምክር ቤትም ተመርጦ ነበርና እዚያ ወንበር አግኝቻለሁ። ገንዳውም ለዘንድሮ አይዘጋም።

እዚህ ሕጉ እንዲህ ነው፦ ምርጫ ሲያልቅ ፖስተሩን የሰቀለው ያወርዳል፤ ሁለት ሳምንት ይሰጠናል። ከሰዎቼ ጋር ላወርድ ቀጥሬ ነበር፤ ሁሉም ደክሟቸው ቀሩ። ብቻዬን መሰላል ተሸክሜ ስወጣ እናቴ መጣች። ከዚያ ቁርስ ወዲህ በቅጡ አልተነጋገርንም ነበር። «መሰላሉን ልያዝልሽ» አለችኝ። እሺ አልኳት፤ መሰላሉ ይወዛወዛል። መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ወጥቼ ሽቦውን ስፈታ ከታች ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከቦርሳዋ የእርስዎን ደብዳቤ አውጥታለች።

«አልሰማም» አልኳት።

«መሰላል ላይ ነሽ። የት ትሄጃለሽ?» አለችኝ።

ማንበብ ጀመረች። ፖስተሩን አወረድኩ፤ ንባቧ አላለቀም። ወደሚቀጥለው ምሰሶ ሄድን፤ እሷም ቀጠለች። ሰው ያልፋል፤ «አይዞሽ ዶሪት» ይለኛል፤ እሷ ቀና ብላ «አመሰግናለሁ» ትልና ካቆመችበት ትቀጥላለች። አንድ ሰው ትከሻ ላይ ተቀምጣ ጆሮዎቹን ስለያዘች ልጅ ስታነብ «ይህን ክፍል ድገሚው» አልኳት። ደገመችው። ጣቢያው ጋ ስንደርስ ፖስተር አልቆ ነበር። ደብዳቤው ግን ገና ነበር። የጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ጨረስነው።

እውነቱን ልንገርዎት፤ አሁንም ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ አላውቅም። በእናቴ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። በእርስዎም አይደለም። ፎልከርን አባባ እለዋለሁ፤ እሱ አይለወጥም። ይህን ከአሁኑ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

በነገራችን ላይ እናቴ የጻፈችልህን ነግራኛለች፤ አምስት ከመቶውን በደንብ አላስረዳችህም። ሦስት ወረዳ በቀጥታ ያሸነፈ ፓርቲ አምስት ባያገኝም ይገባ ነበር፤ በቅርቡ እሱ ላይ ትልቅ ክርክር ነበር። ለጉዋምቤ እንዲህ ብለህ ንገረው፤ አለበለዚያ ሌላ ሰው ያስተካክለውና መውረጃው ላይ ታፍራለህ። ደረጃውን የመጥረግ ነገር ግን ከዚያ የተሻለ ማስረዳት አልችልም። ለምን እኔ እንዳላሰብኩት አላውቅም፤ ለምርጫው ይጠቅመኝ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጉልበትህን ሐኪም አይቶታል? እናቴ በየደብዳቤው ትጠይቅሃለች፣ አንተም በየደብዳቤው ታመልጣለህ። እኔ ጉልበት የሚያማቸውን ሽማግሌዎች ማክሰኞ ማክሰኞ ውሃ ውስጥ አሠራለሁ፤ ከእኔ ማምለጥ አይቻልም። የቱ ጋ እንደሚያምህ፣ ስትወርድ ነው ወይስ ስትወጣ፣ በዝርዝር ጻፍልኝ።

ገንዳው እንደ በየዓመቱ ለብርዱ ወራት ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ይዘጋል። ከንቲባ ሆኜ ቢሆን ያን ጊዜ በጀት ላይ ተጥጄ እውል ነበር። አሁን ግን ዕረፍት አለኝ፤ ረዘም ያለ ዕረፍት። ወደ እናንተ መምጣት እችል እንደሆነ ሉርደስን ጠይቅልኝ፤ ቤቱ የሷ ነውና እሷ እሺ ካላለች አልመጣም። እናቴ ትምጣ አትምጣ ገና እየተከራከርን ነው።

አሁን ደብዳቤውን ሳነበው እርስዎ ብዬ ጀምሬ መሐል ላይ አንተ ብያለሁ። የቱ ጋ እንደሆነ እንኳ አላስተዋልኩም። አስተካክዬ ልገለብጠው ብዬ አዲስ ወረቀት አወጣሁ።

ተውኩት። እንዲሁ ይሂድ።

ዶሪት